በሰፈረው ቁና የተሰፈረው ሻለቃ

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ሰው ራሱ ያጸናው ሕግ ተመልሶ እርሱኑ ቢገድለው እርስዎ ምን ይሉታል? ፍርድ ነው ወይስ ግፍ? መልሱን ከመስጠትዎ በፊት የዚህን ሰው ታሪክ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልን እንለምንዎታለን።

ሰውየው ሻለቃ ሪጅ ይባላል። ነገዱም እኛ በልማድ «ቀይ ሕንዶች» እያልን ከምንጠራቸው ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው ቼሮኪ ነው። ይህ ሰው በጕልማስነቱ የወገኑን መሬት ለነጮች የሸጠ አንድ አለቃ ገደለ፤ በሽምግልናው ደግሞ እርሱ ራሱ የወገኑን መሬት ለነጮች የሚያስረክብ ውል ፈረመ፤ በዚሁም ምክንያት በወገኖቹ እጅ ሞተ። አባቶቻችን «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ያሉት ለእርሱ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ታሪኩ እንደ ምሳሌው አጭርና ቀላል አይደለም። ከሞተ ከ180 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቼሮኪዎች ግን «ከዳተኛ ነበር» «የለም፥ አርቆ አሳቢ ነበር» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በጋራ ጫፍ ላይ የሚሄደው

ሪጅ የተወለደው በ1771 ገደማ፥ ዛሬ ቴነሲ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ በሃይዋሲ ወንዝ አካባቢ ነው። በአገሩ ቋንቋ የወጣለት ስም ትርጕሙ «በጋራ ጫፍ ላይ የሚሄድ» ማለት ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ግን ስሙ ስለ ረዘመባቸው አሳጥረው «ሪጅ» አሉት፤ ይህም የተራራ ጀርባ ወይም ሸንተረር ማለት ነው።

ያደገው በጦርነት መካከል ነው። ነጮች ሰፋሪዎች ተራራውን እየተሻገሩ በገቡ ቍጥር የቼሮኪ መንደሮች ይቃጠሉ፥ የቼሮኪም ጐበዛዝት በበቀል ይዘምቱ ነበር። ወጣቱ ሪጅ በእነዚህ ዘመቻዎች ጀግንነቱን አስመሰከረ፤ ነገር ግን ጦርነቱ በ1794 ሲያበቃ አንድ ነገር ተምሮ ነበር። የሰፋሪው ቍጥር እንደ ጐርፍ ነው፤ በጦር ብቻ የሚገታ አይደለም። ስለዚህ ጦሩን ሰቅሎ ማረሻ ያዘ፤ ቤት ሠራ፥ ከሚስቱ ከሱዛና ጋር እርሻ አቀና። ገና በወጣትነቱ በነገዱ ሸንጎ ገብቶ በንግግሩ ማማር ታወቀ። እንግሊዝኛ ማንበብም ሆነ መጻፍ አልተማረም፤ በቼሮኪ ቋንቋ ሲናገር ግን ሸንጎው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጠው ነበር ይባላል።

የደብልሄድ ደም

ታሪኩን ለመረዳት ስለ ቼሮኪ መሬት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በቼሮኪ ዘንድ ሰው የሠራው ቤትና ያለማው እርሻ የራሱ ነው፤ መሬቱ ግን የነገዱ ሁሉ የጋራ ሀብት እንጂ የማንም የግል ርስት አይደለም። ስለዚህ አንድ አለቃ ብቻውን ተነሥቶ መሬት ቢሸጥ የራሱን ሳይሆን የሁሉን፥ ገና ያልተወለዱትንም ልጆች ድርሻ ሸጠ ማለት ነው።

ደብልሄድ የተባለው ስመ ጥር አለቃ ይህን አደረገ። በ1805ና በ1806 በተደረጉት ውሎች ሰፊ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቀቅ፥ በምሥጢር በተጨመረ አንቀጽ ለራሱ የተለየ መሬት እንዲሰጠው ተስማምቶ ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ሕዝቡ ተቈጣ፤ አለቆችም ሞት ፈረዱበት። ፍርዱን እንዲፈጽሙ ከተመረጡት አንዱ ሪጅ ነበር። በኦገስት 1807 ደብልሄድ ሃይዋሲ ውስጥ በአንድ መጠጥ ቤት ሳለ ሪጅ ገብቶ ተኰሰበት። የቈሰለው አለቃ በዚያ አልሞተም፤ ወዳጆቹ ወስደው ሸሸጉት። ሪጅና ባልደረቦቹ ግን እስከ መሸሸጊያው ድረስ ተከታትለው ገደሉት።

በዚያን ቀን ሪጅን ነፍሰ ገዳይ ያለው ሰው ብዙ አልነበረም። የሕግ አስፈጻሚ፥ የአገር ጠበቃ ተብሎ ተከበረ። በሚቀጥለው ዓመት ቼሮኪዎች ሕጋቸውን በጽሑፍ ማውጣትና የፀጥታ ጠባቂ ፈረሰኛ ማቋቋም ሲጀምሩ፥ ሪጅ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር።

ከጃክሰን ጋር ተሰልፎ

በ1813 ክሪክ በሚባለው ጎረቤት ነገድ መካከል ጦርነት ተነሣ። የቼሮኪ ተዋጊዎች የአሜሪካን ጦር ደግፈው ዘመቱ። የጦሩ አዛዥ የወደፊቱ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነበር። በማርች 27 ቀን 1814 ሆርስሹ ቤንድ በተባለው ስፍራ በተደረገው ውጊያ፥ ቼሮኪዎች ወንዙን በዋና ተሻግረው የጠላትን ታንኳዎች በመማረክ ከኋላ ስለ ገቡ ድሉ የተገኘው በብዙው በእነርሱ ነው። ሪጅ በዚህ ዘመቻ የሻለቅነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ከዚያም ወዲህ ማዕርጉ እንደ መጠሪያ ስም ሆኖለት ሻለቃ ሪጅ ተባለ። ያን ቀን ለጃክሰን ድል ያበቃው ሰው፥ ከ20 ዓመት በኋላ በዚያው በጃክሰን እጅ አገሩን እንደሚያጣ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ጦርነቱ ሲያልቅ ሻለቃው በዲፕሎማትነት ተላከ። በ1816 ወደ ዋሽንግተን ከሄዱት መልእክተኞች መካከል እርሱና ጆን ሮስ የተባለው ወጣት ነጋዴ ይገኙበታል። ይህን ስም ያስታውሱልን፤ በኋላ ይመለሳል። ሮስ ከዘሩ አብዛኛው ስኮትላንዳዊ ነው፤ እንግሊዝኛው የተስተካከለ፥ ቼሮኪኛው ግን ደካማ ነበር። ሪጅ ደግሞ በዚህ በኩል የእርሱ ግልባጭ ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጕድለት እየሞሉ ለብዙ ዓመታት ተባብረው ሠሩ።

ሻለቃው ዛሬ ሮም በምትባለው የጆርጂያ ከተማ አጠገብ ትልቅ ቤት ሠራ፤ የኮክና የፖም አትክልት ተከለ፤ ሱቅና የወንዝ መሻገሪያ ጀልባ ነበረው። እርሻውን የሚያለሙለት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። ይህን መሸሸግ አይገባም። ስለ ወገኑ ነጻነት የተከራከረው ሰው የሌላውን ሰው ነጻነት ነፍጎ ይኖር ነበር።

ትምህርትና ጋዜጣ

ራሱ ያልተማረው ሻለቃ ልጁ እንዲማርለት አጥብቆ ፈለገ። ልጁን ጆን ሪጅንና የወንድሙን ልጅ በሩቁ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት ወደሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰደዳቸው። የወንድሙ ልጅ በዚያ ዘመን ኤልያስ ቡዲኖ የሚል ስም ወሰደ። ሁለቱም በትምህርታቸው ጐበዞች ሆኑ። ነገር ግን ሁለቱም የዚያችን ከተማ ነጭ ልጃገረዶች ሲያገቡ ከተማው ታወከ፤ ቡዲኖንና እጮኛውን የሚመስል አሻንጉሊት ተሠርቶ በአደባባይ ተቃጠለ፤ ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። ወጣቶቹ ከዚህ የተማሩት መራራ ነበር። እንደ ነጭ ቢለብሱ፥ እንደ ነጭ ቢማሩ፥ እንደ ነጭ ቢጸልዩም በነጮቹ መካከል እኩል አይሆኑም።

በአገራቸው ግን ተስፋ ነበር። ሴኮያ የተባለው ቼሮኪ በ1821 የቋንቋውን ፊደል ፈጥሮ አስታወቀ፤ በዚህ ፊደል እንደ እኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ከነአናባቢው የሚይዝ ስለ ሆነ ሕዝቡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንበብ ቻለ። በ1827 ሕገ መንግሥት ጻፉ። በፌብሩዋሪ 1828 በዋና ከተማቸው በኒው ኤቾታ «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለው ጋዜጣ በቼሮኪና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ፤ አዘጋጁም ኤልያስ ቡዲኖ ነበር። በዚያው ዓመት ጆን ሮስ የነገዱ ዋና መሪ ሆኖ ተመረጠ። በ1829 ደግሞ ምክር ቤቱ የጥንቱን ልማድ በጽሑፍ ሕግ አደረገው። ያለ ሕዝብ ሥልጣን መሬት የሸጠ ሰው ሞት ይገባዋል። ሕጉን ከደገፉት መካከል የሪጅ ቤተሰብ በግንባር ቀደምትነት ይቈጠራል።

ወርቅ፥ ዕጣና ፍርድ

ሕጉ በወጣበት ሰሞን በቼሮኪ መሬት ላይ ወርቅ ተገኘ፤ ወርቅ ፈላጊዎችም እንደ አንበጣ ወረዱ። የጆርጂያ መንግሥት የቼሮኪን ሕግ ሽሮ የራሱን ሕግ በላያቸው አወጀ። ቼሮኪው በነጭ ላይ በፍርድ ቤት እንዳይመሰክር ተከለከለ። ፕሬዚዳንት የሆነው ጃክሰን በሜይ 28 ቀን 1830 ነባሮቹን ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ወደ ምዕራብ ለማስፈር የሚፈቅደውን ሕግ ፈረመ። ጆርጂያም በ1832 መሬታቸውን ባለቤቶቹ ገና እየኖሩበት ለነጭ ነዋሪዎቿ በዕጣ ታድል ጀመር።

ቼሮኪዎች መሣሪያ አላነሡም፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በማርች 1832 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፥ በዋና ዳኛው በጆን ማርሻል ቃል፥ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ፈረደ። በቼሮኪ አገር ደስታ ሆነ። ነገር ግን ጆን ሪጅ ወደ ጃክሰን ቀርቦ ፍርዱ ይፈጸም እንደ ሆነ ሲጠይቀው፥ ፕሬዚዳንቱ ኃይል እንደማይልክ ነገረው፤ ይልቁንም ወደ አገርህ ተመልሰህ ሕዝብህ እንዲለቅ ምከር አለው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ፍርድ አለ፤ ፈጻሚ የለም። ወረቀቱ የእናንተ ነው ይላል፤ ወታደሩ ውጡ ይላል። እርስዎ በዚያ ቦታ ቢሆኑ ምን ይመክሩ ነበር?

ጆን ሪጅ፥ ቡዲኖና በመጨረሻም ሽማግሌው ሻለቃ፥ አገሩ እንደ ሆነ ሄዷል፤ ሕዝቡን እንኳ እናድን፥ ጥሩ ዋጋ ተቀብለን እንሂድ ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። ሮስና አብዛኛው ሕዝብ ግን አንለቅም አሉ። ቡዲኖ ክርክሩን በጋዜጣው ላይ ለማውጣት ፈልጎ ሮስ ስለ ከለከለው በ1832 አዘጋጅነቱን ተወ። የሮስም ዕድል የተሻለ አልነበረም። በ1835 ከዋሽንግተን ሲመለስ ቤቱን ዕጣ የወጣለት ሰው ገብቶበት አገኘው።

የኒው ኤቾታ ፊርማ

የጃክሰን መንግሥት ሸርመርሆርን የተባለ ቄስ ኮሚሽነር አድርጎ ላከ። ኮሚሽነሩ በ5 ሚሊዮን ዶላር የቼሮኪን የምሥራቅ መሬት ሁሉ የሚገዛ ውል አቀረበ። በኦክቶበር 1835 በሬድ ክሌይ የተሰበሰበው ሕዝብ አልቀበልም አለ። ሸርመርሆርን ግን በዲሴምበር በኒው ኤቾታ ሌላ ስብሰባ ጠራ፤ በዚያ ያልተገኘ ሁሉ እንደ ተስማማ ይቈጠራል ብሎም አስታወቀ። በጊዜው ሮስ በዋሽንግተን ነበር። በምሥራቅ ከሚኖሩት ከ16,000 በላይ ቼሮኪዎች የመጡት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ከመጡትም መካከል ሕዝቡ ለመዋዋል ሥልጣን የሰጠው አንድም አልነበረም።

በዲሴምበር 29 ቀን 1835 በቡዲኖ ቤት ውስጥ ውሉ ተፈረመ። መጻፍ የማያውቀው ሻለቃ ሪጅ በስሙ አጠገብ ምልክቱን አደረገ። ሲፈርም የሞት ፍርዴን ፈረምሁ አለ ይባላል። ሕጉን ከማንም ይልቅ ያውቀዋልና።

ሮስና ምክር ቤቱ ውሉን በመቃወም ከ15,000 በላይ ስሞች የሰፈሩበት አቤቱታ ለዋሽንግተን አቀረቡ። ይሁን እንጂ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በሜይ 1836 ውሉን አጸደቀው፤ ለማጽደቅ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የተረፈው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ለመውጣት የሁለት ዓመት ቀን ተሰጠ።

ያለቀሱበት መንገድ

ሻለቃው በ1837 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ምዕራብ ተጓዘ፤ ዛሬ ኦክላሆማ በተባለው ምድር ጠረፍ በሃኒ ክሪክ ሰፈረ። አብዛኛው ሕዝብ ግን ውሉ ይሻራል ብሎ እየጠበቀ ማሳውን ዘራ። ቀነ ገደቡ በሜይ 23 ቀን 1838 ሲሞላ በጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት የሚመራ 7,000 ያህል ወታደር መጣ። ሰዎች ከቤታቸውና ከእርሻቸው እየተለቀሙ በእንጨት አጥር በታጠሩ ሰፈሮች ታጐሩ። በዚያ በጋ በሽታ ገባባቸው። የቀሩት በ13 ጓድ ተከፍለው ከ1838 መጨረሻ ጀምሮ በክረምት ብርድ፥ በእግርና በጋሪ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። በሰፈሩና በመንገድ የሞቱት ብዙ ጊዜ 4,000 ያህል ይገመታሉ፤ የጆን ሮስ ሚስት ክዌቲም ከሞቱት አንዷ ናት። ቼሮኪዎች ይህን ጕዞ «ያለቀሱበት መንገድ» ብለው ይጠሩታል።

አሁን እነዚህ ልጆቻቸውን በመንገድ ቀብረው የመጡ ሰዎች፥ ውሉን የፈረሙት ቀድመው በደህና ደርሰው ቤት ሠርተው ሲኖሩ ሲያዩ ምን እንደ ተሰማቸው ያስቡት። በጁን 1839 ነባር ሰፋሪዎቹንና አዲስ የመጡትን አንድ ለማድረግ የተጠራው ጉባኤ ሳይስማማ ተበተነ። ከብዙ ዘመን በኋላ የሮስ ልጅ አለን ሮስ እንደ መሰከረው፥ ያን ጊዜ አንዳንድ ሰዎች በምሥጢር ተሰብስበው የ1829ን ሕግ አንሥተው ፈረዱ፤ ገዳዮቹንም በዕጣ መረጡ፤ እርሱም አባቱ ነገሩን እንዳያውቅ አጠገቡ እንዲቈይ ታዞ ነበር።

በጁን 22 ቀን 1839 ማለዳ ጆን ሪጅን ከአልጋው ጐትተው በሚስቱና በልጆቹ ፊት በጩቤ ገደሉት። በዚያው ቀን ሌሎች መድኃኒት እንለምንሃለን ብለው ቡዲኖን ከሥራው ጠርተው በመጥረቢያ ገደሉት። ሻለቃ ሪጅ በፈረስ በአርካንሳስ በኩል ሲጓዝ አድፍጠው የጠበቁት ሰዎች ተኰሱበት፤ ወደ 68 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የቡዲኖ ወንድም ስታንድ ዋቲ ግን ወሬው ቀድሞ ስለ ደረሰው አመለጠ። ከዚህ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል ቼሮኪ ከቼሮኪ ተገዳደለ፤ በ1846 አዲስ ውል ተፈርሞ ሮስና ዋቲ እስኪጨባበጡ ድረስ ደሙ አልደረቀም።

ፍርዱ በማን ላይ ነው?

ለሻለቃው የሚከራከሩለት እንዲህ ይላሉ። ደብልሄድ የሸጠው ለራሱ ጥቅም ነው፤ ሪጅ ግን የራሱንም ርስት አብሮ ለቅቆ ሄዷል። ጃክሰን እንደማይመለስ አስቀድሞ አይቷል፤ ያየውም ሆነ። ሕዝቡ ቢሰማው ኖሮ በጊዜው፥ በተሻለ ወቅት፥ በተሻለ ስንቅ በሄደና ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር።

የሚነቅፉት ደግሞ መልስ አላቸው። ውሉ ባይፈረም ጃክሰን ሕዝቡን በጉልበት ቢያስወጣ እንኳ ግፉ በግፍነቱ ይታወቅ ነበር እንጂ «ራሳችሁ ተስማምታችኋል» የሚል ወረቀት አይገኝም ነበር። ለዋሽንግተን የጐደላት ይህ ወረቀት ነው፤ ሪጅም ይህንኑ ሰጣት።

በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢ፥ ወይም ነገ በመሥሪያ ቤት የሚቀመጡ ተማሪ፥ የፊርማን ክብደት ያውቁታል። አንድ ሰው ጕዳዩን ከሌላው ይልቅ አጥርቶ ሊያውቅ ይችላል። ግን አጥርቶ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሌላው ሰው ለመፈረም ሥልጣን ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ዐዋቂ ሰው ሕዝቡን መምከር፥ መለመን፥ መገሠጽም ይችላል፤ ሕዝቡ አልሰማ ሲለው ግን በስሙ ሊፈርምለት አይችልም። በእኛ አስተያየት የሻለቃው ስሕተት ከአሳቡ ይልቅ በዚህ ላይ ነው። ይህን ስንል ግን ዋናውን በዳይ አንርሳ። ሮስና ሪጅ በጠባብ ቤት ውስጥ ተጨንቀው የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቤቱን ያቃጠለው ግን ሌላ ነው። የራሱን ፍርድ ቤት ቃል አልፈጽምም ያለ መንግሥት፥ ጥቂቶች የፈረሙትን ወረቀት ለመፈጸም 7,000 ወታደር አላጣም።

ታሪኩ ደግሞ በዚህ አላበቃም። የሻለቃው ቤት በሮም ከተማ ቤተ መዘክር ሆኗል። የቼሮኪ ነገድ ከ450,000 በላይ ዜጎች ያሉት፥ በኦክላሆማ በታለኳ ከተማ የራሱ መንግሥት ያለው ሕዝብ ሆኗል። ያ የተረገመው የኒው ኤቾታ ውል በሰባተኛው አንቀጹ ቼሮኪዎች በአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2019 የነገዱ ዋና መሪ ቻክ ሆስኪን በዚህ አንቀጽ መሠረት ኪምበርሊ ቲሂን እንደራሴ አድርገው ሰየሙ፤ በ2022ም የምክር ቤቱ አንድ ኮሚቴ ጕዳዩን ሰማ። የልጅ ልጆቻቸው አባቶቻቸው ያልፈረሙትን፥ ይልቁንም 15,000 ስም አስፍረው የተቃወሙትን ወረቀት ይዘው «እንግዲያውስ ቃላችሁን ፈጽሙ» እያሉ ጠየቁ።

አገሩን ያስወሰደው ወረቀት መብት መጠየቂያ ሲሆን ለሻለቃው ይቅርታ ይሆነው ይሆን? ከቼሮኪዎች መካከል አዎን የሚሉም አይሆንም የሚሉም አሉ። እርስዎም አንባቢ ሆይ፥ ፍርድዎን ከመስጠትዎ በፊት ሁለቱን ሞቶች፥ የደብልሄድንና የሪጅን፥ ጎን ለጎን አስቀምጠው በአንድ ሚዛን ይመዝኑ።